የንግሥቲቱ ሽጉጥ እና የቋራው ካሳ

ጎንደር፦ በአየር ወደ ጎንደር የሚመጣ እንግዳ አዘዞ ሲደርስ የሚያርፈው በዐፄ ቴዎድሮስ ስም በተሰየመው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ወደ ከተማዋ መሐል ሲዘልቅም ሐውልታቸው ይቀበለዋል። ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ ወጥቶ ጃናሞራ የደረሰ ደግሞ መካነ ብርሃን አጠገብ የደረስጌ ማርያምን ደብር ያገኛል፤ ካሳ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ የደፉባትን። ሚያዝያ 6 በመጣ ቁጥር በከተማም በገጠርም ስማቸው ይነሣል። ከሁሉ በላይ የሚነሣው የመጨረሻዋ ሰዓትና የመጨረሻዋ ጥይት ናት።

ይህ ጸሐፊ የተማረው ስለ አፈርና ስለ ዘር እንጂ ስለ ጦር መሣሪያ አይደለም። ይሁን እንጂ የገብስ አዝመራ እንዴት እንደ ሆነ ሊጠይቅ ደጋ የወጣ ሰው ጨዋታው መጨረሻ ላይ ወደ ነፍጥ፣ ከነፍጥም ወደ መይሳው ካሳ ማምራቱ አይቀርለትም። እኒያ አረጋውያን የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፤ ያቺ ሽጉጥ ከወዴት መጣች? የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት በዚያች ጥያቄ መንገድ መከተል ይቻላል።

ካሳ በ1811 ዓ.ም ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ጊዮርጊስ ከቋራ ባላባቶች ወገን ነበሩ፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ይባላሉ። አባት ሲሞቱ እናት ጎንደር ከተማ ገብተው ኑሮን በድህነት ገፉ፤ ኮሶ ይሸጡ እንደ ነበርም በኋላ ጠላቶቹ ለስድብ አዋሉት። ልጁ በማኅበረ ሥላሴ ገዳም ፊደል ቆጠረ፣ ዳዊት ደገመ። ከዚያም ወደ ዘመዱ ወደ ደጃዝማች ክንፉ ዘንድ ገብቶ ጦር መወርወር፣ ፈረስ መጋለብና ነፍጥ መተኮስ ተማረ። ደጃዝማች ክንፉ በምዕራቡ ጠረፍ ከግብፅ ጦር ጋር የሚዋጉ ሰው ነበሩና ወጣቱ የውጭ ጦር ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚይዝ ገና በልጅነቱ ዐየ።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር ቤተ መንግሥት ነገሥታት ይቀመጣሉ፤ የሚገዙት ግን ራሶቹ ናቸው። ሠራዊት ደመወዝ አልነበረውም። ደመወዙ የገበሬው ጎተራ፣ የገበሬው በግ፣ የገበሬው ቤት ነበር። ወታደር ባለፈበት መንደር የዘር እህል እንኳ አይተርፍም ነበር። ካሳ የድርሻውን ሹመት ሲነፈግ ቋራ በረሓ ወርዶ ሸፈተ፤ ሽፍትነቱ ግን ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር አለው። ከነጋዴ ቅፍለት የዘረፈውን ገንዘብ በረሃብ ለተጎዱ ገበሬዎች ለሞፈርና ለዘር መግዣ አካፈለ ይባላል፤ ተከታዮቹንም እርሻ አሳረሳቸው። ለዚህ ጸሐፊ ከጦርነቱ ድሎች ይልቅ ይህች ነገር ትበልጥበታለች። አንድ ሽፍታ ሬትና ጫካ ትቶ ስለ ዘር ወቅት ማሰቡ በዚያ ዘመን ተራ ነገር አልነበረምና።

ራስ አሊና እናታቸው እቴጌ መነን ካሳን በኃይል መያዝ ሲያቅታቸው በጋብቻ ሊይዙት ሞከሩ። የራስ አሊ ልጅ ተዋበች ተዳረችለት። ተዋበች የወላጆቿን ወገን ትታ ለባሏ ታማኝ ሆነች። ብዙም ሳይቆይ ካሳ እንደገና ሸፈተ፤ በ1839 ዓ.ም እቴጌ መነንን በጦርነት ማረካቸው።

በመጋቢት 1840 ዓ.ም ደባርቂ በተባለው የሱዳን ምድር ከግብፅ ጦር ጋር የገጠመው ውጊያ ግን ሌላ ነበር። ግብፃውያኑ በምሽግ ውስጥ ሆነው በሥርዐት የሚተኩሱ ወታደሮችና መድፎች ነበሯቸው። የካሳ ሰዎች በቋራ ልማድ እየፎከሩ ወደ ፊት ተወረወሩ፤ መድፉም እንደ አጨዳ አጨዳቸው። ካሳ ተሸንፎ ተመለሰ። ከዚያ ቀን በኋላ በሕይወቱ ሙሉ የማይለቀው ሐሳብ ያዘው። ጀግንነት ብቻውን መድፍን አይችልም፤ ስለዚህ ሥርዐት ያለው ጦርና መድፍ ያስፈልጋል የሚል ሐሳብ ነበር። የኋላ ዘመኑ መልካምም ክፉም ሥራ ብዙው ከዚህ ሐሳብ ይመነጫል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። ኅዳር 19 ቀን 1845 ዓ.ም ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ወደቁ። በሚያዝያ የራስ አሊ መኳንንት ጎርጎራ አጠገብ ድል ሆኑ። ሰኔ 23 ቀን አይሻል ላይ ራስ አሊ ራሳቸው ተሸነፉ። የቀረው የስሜኑና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ውቤ ደረስጌ ላይ ያማረ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር፤ በሥራውም የጀርመኑ የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እጅ ነበረበት። ሊነግሡበት ያዘጋጁትን ያን ስፍራ ሌላ ሰው ነገሠበት። በየካቲት 1847 ዓ.ም ካሳ ውቤን እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አድርጎ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀባ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ተባለ።

ንጉሠ ነገሥቱ ሲነግሡ ከሰጡት ትእዛዝ ገበሬውን የሚነካው ሁሉም ሰው ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ የሚለው ነው። ገበሬ ይረስ፣ ነጋዴ ይነግድ፣ መንገድ የሚቆርጥ ሽፍታ መሣሪያውን ያኑር ማለት ነበር። ሠራዊቱን ከገበሬው ጫንቃ አውርደው ደመወዝ ሊቆርጡለት ሞከሩ፤ ዝርፊያንም ከለከሉ። አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሺህ አለቃ የሚለውን የማዕረግ ሥርዐት ያስገቡት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ የአሥር አለቃ ማዕረግ የሚጠራ ሁሉ ሳያውቀው የእሳቸውን ቃል ይናገራል። ለደመወዙ ግን ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ገንዘብ የሚሆነው መሬት በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበርና ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል፣ የተረፈው መሬት ለሚገብር ገበሬ ይሰጥ አሉ። ካህናቱ እምቢ አሉ። ከካህናት ጋር መጣላት ደግሞ በዚያ ዘመን ከሕዝብ ጋር መጣላት ነበር። ዐመፅ በየአውራጃው ተነሣ፤ ዐመፅን ለማፈን ጦር ዘመተ፤ የዘመተው ጦር ደመወዝ ስላልነበረው ተመልሶ የገበሬውን ጎተራ በላ። ንጉሠ ነገሥቱ ሊያስቀሩት የተነሡት ነገር በራሳቸው ስም ተመለሰ።

ሽጉጧ የምትመጣው በዚህ መካከል ነው። ዋልተር ፕላውደን የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ለብዙ ዓመታት አገሩን የለመደና ለንጉሡ ወዳጅ የሆነ ሰው ነበር። በ1852 ዓ.ም ወደ ጠረፍ ሲጓዝ ጎንደር አጠገብ የንጉሡ ዘመድ የሆነው ዐመፀኛው ጋረድ ሰዎች አቆሰሉት፤ ያዙትም። ንጉሡ ገንዘብ ከፍለው አስለቀቁት፤ እሱ ግን ከቁስሉ አልዳነም። ሌላው እንግሊዛዊ ወዳጃቸው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤል በዚያው ዓመተ ምሕረት መለወጫ ገደማ ከጋረድ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ወደቀ። ንጉሠ ነገሥቱ የሁለቱን ደም በከባድ እጅ ተበቀሉ።

የእንግሊዝ መንግሥት የፕላውደንን ተተኪ ካፒቴን ዳንከን ካሜሮንን ላከ። ካሜሮን በጥቅምት 1855 ዓ.ም ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላኩ ጥንድ ሽጉጦችን ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። በሽጉጦቹ ላይ በብር ሰሌዳ የተቀረጸ ጽሑፍ ነበረባቸው፤ ንግሥቲቱ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስለ ተደረገለት ቸርነት ያላትን ምስጋና የሚገልጽ ነበር።

የዚያን ዘመን ሽጉጥ ዛሬ ከሚታወቀው ጋር ማመሳሰል ስሕተት ነው። ዛሬ ፖሊስ በወገቡ የሚታጠቀው፣ በውድድር ሜዳም የሚተኮስበት ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ጥይቶቹን በካዝና ይይዛል። ቃታው ሲሳብ አንዱ ይተኩሳል፤ የተኩሱ ግፊት ራሱ ቀለሁን አውጥቶ ቀጣዩን ጥይት ያጎርሰዋል። የዚህ ዓይነቱ ሽጉጥ ለገበያ የበቃው ከመቅደላ 25 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። የንግሥቲቱ ሽጉጥ ዘመን ግን ባሩዱ ለብቻ፣ እርሳሱ ለብቻ የሚጎረስበት ነበር። ከመዶሻው ሥር ትንሽ የመዳብ ቆብ ትደረጋለች፤ መዶሻው ሲመታት ትፈነጥቅና እሳቱን ለባሩዱ ታቀብላለች። ቆቧ እርጥበት ከነካት ወይም ባሩዱ ካረጀ ቃታው ቢሳብ ድምፅ የለም። እንዲህ ያለ መሣሪያ የያዘ ሰው በየጊዜው ካልወለወለው፣ ጉርሱንም ካልለወጠው በጭንቅ ቀን ይከዳዋል። ይህን ልብ ይሏል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ንጉሠ ነገሥቱ መሣሪያ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በእስር ብዙ ጊዜ የቆየውና ስለ እሳቸው ክፉውን ሁሉ ከመጻፍ ያልተመለሰው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንኳ ጥሩ ተኳሽና የተዋጣላቸው ፈረሰኛ መሆናቸውን አልካደም። ፈረሳቸው ታጠቅ ይባል ነበር፤ ስሙም ለባለቤቱ ሆኖ አባ ታጠቅ ተብለው ተጠሩ። ሆኖም ሽጉጡን ሲቀበሉ ልባቸው የነበረው ስጦታው ላይ አልነበረም። የሠራው እጅ ላይ ነበር። ሽጉጥ ሲያልቅ ያልቃል፤ ሽጉጥ የሚሠራ ሰው ግን ሌላውን ያስተምራል። ስለዚህ ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ ወዳጅነትን የሚሻና መልእክተኛ ለመላክ መንገድ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ከመዝገብ ቤት ተጣለ፤ መልስ የሚሰጠው ጠፋ። አንድ ዓመት አለፈ። ቀጥሎ ካሜሮን ራሱ ያለ መልስ በግብፅ ግዛት በኩል ዞሮ ሲመጣ የንጉሡ ጥርጣሬ በረታ። በ1856 ዓ.ም ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን በሰንሰለት ታሰሩ። መልሱን ይዞ የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም የደረሰው በጥር 1858 ዓ.ም ነው። በኋላ እሱም ታሰረ።

እስከዚያ ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለች ቦታ የሰፈሩ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርን የመሰሉ ሚሲዮናውያን ነበሩ፤ ሃይማኖት ለመስበክ የመጡ የእጅ ሙያ ያላቸው ሰዎች። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። አናውቅም አሉ። ሞክሩ ተባሉ። መጀመሪያ ያዋቀሩት ማቅለጫ ከሸፈ፤ ብረቱ አልቀልጥ፣ ቅርጹ አልያዝ አለ። ደጋግመው ሞከሩ። በመጨረሻ በ1859 ዓ.ም ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ፤ ስሙ በክሪሚያ ጦርነት ከታወቀችው ከተማ የተወሰደ ነው። ሙያ በሩቅ ከሚመጣ እርዳታ ይልቅ በእጅ በመሞከር እንደሚገኝ የጋፋት ማቅለጫ ምስክር ነው። በዚሁ ጊዜ ከእንግሊዝ አገር የእጅ ባለሙያዎችና መሣሪያዎች ተልከው ምጽዋ ድረስ መጥተው ነበር። እስረኞቹ ሳይፈቱ አይገቡም ተብሎ ከዚያው ተመለሱ። ንጉሡ የፈለጉት ነገር በጥቂት ቀን መንገድ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር፤ ሁለቱም ወገን አልተጣመመም፤ ነገሩ እዚያው ቀረ።

ስለ ጎንደር ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። ንጉሠ ነገሥቱ የነገሥታትን ከተማ ወድደዋት አያውቁም፤ የካህናትና የዐመፀኞች መናኸሪያ አድርገው ያዩአት ነበር። በ1859 ዓ.ም ከተማዋን አዘረፉ፣ አስቃጠሏት። አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ፤ መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ ተጭነው ሄዱ። ብዙው ንብረት ወደ መቅደላ መድኃኔ ዓለም ተወሰደ፤ ንጉሡ በዚያ ታላቅ የመጻሕፍት ቤት ሊያቋቁሙ ያስቡ ነበር። የደምቢያና የበጌምድር ገበሬም ከዚህ አልተሻለም፤ በሬው ታርዶ፣ ጎተራው ተገልብጦ ተሰደደ። ስለ ቴዎድሮስ በክብር የሚናገር ሰው ይህን ሸፍኖ ቢያልፍ፣ ሐውልታቸው የቆመባትን ከተማ ራሷን መካድ ይሆንበታል። በአንድ ወቅት 60 ሺህ ያህል ይደርስ የነበረው ሠራዊትም በየሌሊቱ እየከዳ ወደ 10 ሺህ ወረደ።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቹን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሴባስቶፖል በገመድና በሰው ጉልበት ተጎተተ፤ ዳገቱ በመዶሻና በባሩድ እየተደረመሰ መንገድ ተበጀ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። የዋድላንና የደላንታን ገደል የሚያውቅ ሰው ያን መንገድ ቢያስበው ይደንቀዋል። ከአምስት ወር በላይ ፈጅቶ በመጋቢት ደረሱ።

በዚያው ወራት ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ከህንድ 13 ሺህ ያህል ወታደርና ከአርባ በላይ ዝሆኖች ይዞ ዙላ ላይ ወርዶ ነበር። ገበሬውን የሚመለከት አንድ ነገር ከዚህ ዘመቻ ልጥቀስ። የናፒየር ጦር በትግራይና በላስታ ሲያልፍ ገብሱንና ሣሩን በጠገራ ብር ይገዛ ነበር። ገበሬው ብዙ ጊዜ ጦር ሲያልፍ ዘሩን ደብቆ ተራራ ይወጣ ነበር፤ ይህ ጦር ግን እየከፈለ ስላለፈ ገበያ ይዞ ወረደ። ባዕዱ የከፈለውን የራሱ ንጉሥ ጦር ይዘርፈው የነበረ ሕዝብ ለንጉሡ ያልተነሣበትን ምክንያት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ የስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ሜዳ ላይ ገጠሙ። ፊታውራሪ ገብርዬ ፈረሰኛና እግረኛውን ይዘው ከአምባው ወረዱ። እንግሊዞቹ ስናይደር የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ይዘው ነበር። ከኋላው የሚጎርስ ነውና በደቂቃ እስከ አሥር ጊዜ ይተኩሳል፤ በአፈሙዝ የሚጎርሰው የቴዎድሮስ ሰው ነፍጥ ግን ሁለትና ሦስት ቢተኩስ ነው። ከአምባው የተተኮሰው ታላቅ መድፍ ባሩድ በዝቶበት ፈነዳ። ሴባስቶፖል ያን ሁሉ ገደል ተጎትቶ ለውጊያው አልረዳም። ዝናም ወረደ፤ መሸ። ገብርዬ ወደቁ፤ ከእሳቸው ጋር ሰባት መቶ ያህል ሰው ሞተ። በእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት ሃያ ሲሆኑ ከእነሱ የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። የደባርቂው ቀን ከሃያ ዓመት በኋላ ተመለሰ።

ከውጊያው አንድ ቀን ቀድሞ ንጉሡ በንዴት ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን አስገድለው ከገደል አስጥለው ነበር። ይህም መነገር አለበት። አውሮፓውያኑን ግን አልነኳቸውም።

ቅዳሜ ለናፒየር ደብዳቤ ላኩ፤ የተመለሰላቸው መልስ እጅ እንዲሰጡ ነበር። ሌላ ደብዳቤ አጽፈው ከላኩ በኋላ ሽጉጣቸውን መዝዘው አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ቃታው ተሳበ፤ አልተኮሰም። መኳንንቱ ተረባርበው እጃቸውን ሲይዙ በግብግቡ መሐል ባረቀ፤ ጥይቷም ጆሯቸውን ጭራ አለፈች። ያቺ ቅጽበት የከሸፈችው ከመዳብ ቆቧ ይሁን ከባሩዱ የሚያውቀው የለም። ንጉሡ ግን ክስተቱን ከእግዚአብሔር ፈቃድ ቆጥረውት እስረኞቹን ለቀቁ። የፋሲካ ዕለት ላምና በግ ለናፒየር ሰደዱ፤ ስጦታውን ተቀብሏል የሚል ወሬ ሲደርሳቸው ሰላም ሆነ ብለው አመኑ። አልተቀበለም ነበር።

ሰኞ ሚያዝያ 6 መድፉ አምባውን መታው። ንጉሡ አብዛኛውን ሰው አሰናብተው ከጥቂት ታማኞች ጋር ቀሩ፤ በሩንም በድንጋይ ዘጉ። ከጎናቸው የነበሩት ሲወድቁ፣ ጠላትም የበሩን ግንብ ሲዘል፣ ወደ ሁለተኛው በር አፈገፈጉ። አሽከራቸውን ወልደ ጋብርን አሰናብተው ሽጉጡን ወደ አፋቸው መለሱ። በዚህ ጊዜ አልከሸፈም።

ቀድመው የደረሱት ወታደሮች የሟቹን ማንነት አላወቁም ነበር። ሽጉጡን አንሥተው የብሩን ሰሌዳ ሲያነብቡ የንግሥታቸውን ስም አገኙበት። በፕላውደን ምክንያት ከለንደን ጎንደር የመጣው የምስጋና ስጦታ እንዲህ ወደ ላኪዎቹ እጅ ተመለሰ። አስከሬናቸው በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ተቀበረ፤ አምባው ተቃጠለ። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተጫኑት መጻሕፍት ከሌላው ምርኮ ጋር በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭነው ወረዱ፤ ደላንታ ላይም ተጫረቱ። ከ300 የሚበልጡት ብራናዎች ለንደን ገቡ። የውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩ ወርቅ በመንገድ አረፉ፤ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ባሕር ተሻገረ፤ በ1872 ዓ.ም በእንግሊዝ አገር በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ከንጉሡ ራስ ላይ ተቆርጦ የተወሰደው ጸጉር በ2011 ዓ.ም ከለንደን ተመልሶ አዲስ አበባ ገብቷል። ብራናዎቹና የልዑሉ ዐጽም አሁንም እዚያው ናቸው።

ሴባስቶፖልን ግን የሚጭነው አልተገኘም። ለዝሆንም ከብዶ፣ መቅደላ አምባ ላይ እስከ ዛሬ ተጋድሞ ይገኛል።